በበርጫ ሰዓት የሚፈጨው ወፍጮ

እኔ ኩብራ ምላሴ ስለት ነው። ለመኩራራት አይደለም፤ ጭሮ ውስጥ ከገበያው እስከ መናኸሪያው ማንንም ብትጠይቁ ይነግራችኋል፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከራሴ ስሙት ብዬ ነው። አባቴ ከስልጤ መጥቶ የከፈተውን ሱቅ ወርሼ እነግዳለሁ። አምፖል፣ ሶኬት፣ ፊውዝ፣ ሻማ፣ ከዚያ ደግሞ ሳሙናና ስኳር። ከገጠር ከመጣው ጋር በኦሮምኛ፣ ከቢሮ ሠራተኛው ጋር በአማርኛ፣ ከዘመዶቼ ጋር በስልጥኛ ስጨቃጨቅ ነው ሃምሳ ሦስት ዓመት የሞላኝ። ዛሬ ግን ልጨቃጨቅ አይደለም የመጣሁት። ላመሰግን ነው፤ ማመስገን ደግሞ ስላልለመደብኝ ነገሩን ከሥሩ ካላወራሁት አይሆንልኝም።

ባሌ ሙሄዲን ከእኔ ጋር ሠላሳ ዓመት ሲኖር አንድ ቀን እንኳ ድምፁን ከፍ አላደረገም። የእህል ነጋዴ ነበር። ከገለምሶና ከሂርና ማሽላና በቆሎ እየሰበሰበ መጋዘን ውስጥ ሲያስነፋ፣ ሲያስጭን፣ ሲያስወርድ ያ ሁሉ አቧራ ሳንባው ውስጥ ተቀመጠ። ካቻምና ሐኪሙ እውነቱን ነገረን። ሳንባው ከእንግዲህ ብቻውን አይችልም፤ ኦክስጅን የሚሠራ ማሽን ቤት ውስጥ ይግባለት አለ። ማሽኑ ከአየሩ ላይ ኦክስጅኑን ለይቶ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫው ይልክለታል፤ የሚሠራውም በኤሌክትሪክ ነው። ማሽኑ ሲሠራ ሙሄዲን ሙሄዲን ነው፤ አላህን እያወሳ ዚክሩን ይላል፣ ያሾፍብኛል። ሲቆም ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከንፈሩ ይጠቁራል፤ አንድ ቃል ለማውጣት ሁለቴ ይተነፍሳል። ሐኪሙ ሳይደባብቅ ነው የነገረኝ፤ አየሩ በየቀኑ እየተቋረጠ ከሄደ ልቡ አይሸከመውም አለኝ።

የመጀመሪያው ማሽን አራት ወር ሳይሞላው ግድግዳው ሶኬት ላይ እንደተሰካ ጨሰና ተቃጠለ። እኛም መብራቱ ሄድ መጣ ሲል አቃጠለው ብለን ደመደምን። ሌላ ከየት እናምጣ እያልን ስንጨነቅ ነው ሰው የደረሰልን። የሙሄዲን ወንድሞች ከገለምሶ፣ የድሮ ደንበኞቹ ከሂርና፣ የእኔ ዘመዶች ከአዲስ አበባ፣ እድራችን፣ የጎረቤቴ የዘርፈሽዋል የማርያም ማኅበር ሳይቀር ተረባርበው ሌላ ማሽን ገዙልን። ይሄኛው እንዳይቃጠል ደግሞ ሶላር ጨመሩበት። አላህ ለሁሉም ይክፈላቸው፤ እኔ ከፍዬ አልጨርሰውም።

ሶላሩን የገጠመው ካሚል ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀጭን፣ ቁጥብ፣ ጭሮ ውስጥ ጣሪያ ላይ የምታዩት ፓኔል ሁሉ በእሱ እጅ ያለፈ ሰው ነው። አሠራሩን ሲያስረዳኝ ቀላል አደረገልኝ። ፀሐይ ሲኖር ከፀሐይ ይወስዳል፤ ፀሐይ ሲደክም ከመብራቱ ይወስዳል፤ ሁለቱም ሲጠፉ ከባትሪው ይወስዳል። የሚያማርጠው ግድግዳው ላይ የሰቀለው ሳጥን ነው፤ ኢንቨርተር ይሉታል። ሲሄድ አንድ ነገር አስጠነቀቀኝ፤ ምንም ቢመጣ የጋሼን ማሽን በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ጋር እንዳያገናኙት አለኝ። እሺ አልኩት።

በጋውን ደህና ከረምን። ክረምቱ ሲገባ ጣጣው ጀመረ። ሐምሌ ውስጥ የጭሮ ሰማይ ደመናውን ተራራው ላይ ያራግፍና ፀሐይ የሚባል ነገር አይታይም፤ ፓኔሉ ያለሥራ ተሰቅሎ ይውላል። ጧት ጧት ችግር የለም፤ ሳጥኑ ከመብራቱ እየወሰደ ይሠራል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት አካባቢ ሲሆን ግን ጢጥ ጢጥ ይልና ቀይ ያበራል። ከዚያ ባትሪው ብቻውን ይጎትታል፤ ያው አነስተኛ ባትሪ ነውና አንድ ሰዓት ከምናምን ይዞ ይዘጋል። አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ደግሞ ማንም ሳይነካው ራሱ ይመለሳል። የሚያበሽቀኝ ደግሞ በዚያ ሰዓት መብራት መኖሩ ነው። የዘርፈሽዋል ቁርስ ቤት ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፤ የእኔ ሱቅ አምፖል ቦግ ብሎ ይበራል፤ ሶላር ያለን እኛ ብቻ ያለ አየር እንቀመጣለን።

ሆስፒታሉ ለክፉ ቀን ያዋሰን አንዲት ትንሽ የኦክስጅን ሲሊንደር አለች። እሷን ከፍቼ ለሙሄዲን እሰካለታለሁ፤ ብዙ አትቆይም። እሷን ለማስሞላት ደግሞ ሩቅ መላክ ነው። ሙሄዲን ዓይኑን የሲሊንደሯ መለኪያ መርፌ ላይ ተክሎ ይቀመጣል፤ እኔ ሳጥኑ ላይ እተክላለሁ። ስንት ከሰዓት እንደዚያ እንዳሳለፍን አልቆጠርኩም።

ካሚልን ጠራሁት። በነጋታው ጧት ሦስት ሰዓት መጣ፤ የመብራቱን ኃይል የሚለካበትን ቴስተር ሶኬቱ ላይ ሰካ፤ ሁለት መቶ ሃያ ስምንት ቮልት ነው፣ ደህና ነው አለ። ሳጥኑም አረንጓዴ እያበራ ቀልቡን ሰብስቦ ይሠራል። ሽቦ አጠባብቆ ሄደ። ከሰዓት ስምንት ሰዓት ሲሆን ቀይ። ደግሜ ጠራሁት፤ ደግሞ ጧት መጣ፤ ደግሞ ደህና ነው አለ። ሦስተኛም እንደዚሁ። ከሰዓት ና ስለው ይቅለሰለሳል። እንግዲህ እዚህ አገር ከዙህር፣ ከእኩለ ቀኑ ሶላት በኋላ ሰው ሥራ አይሠራም፤ በርጫ ይቀመጣል፤ ጫቱን ይዞ ከጓደኞቹ ጋር ጀርባውን ትራስ ላይ ካሳረፈ በኋላ ማንም አያስነሳውም። ካሚልም የዚሁ ከተማ ልጅ ነው፤ በርጫው ዘይኑዲን ወፍጮ ቤት ነው። ሙሄዲንም ጤነኛ ሳለ እዚያው ነበር የሚቀመጠው። እኔም ይሄ የታወቀ ስለሆነ ብዙም አልገፋሁትም፤ ብቻ ሆዴ ሞላ።

ሆዴ ሲሞላ አፌ ይከፈታል። ካሚል ያረጀ ሳጥን ቀለም ቀብቶ ሸጠልን ማለት ጀመርኩ። መጀመሪያ ለዘርፈሽዋል፣ ከዚያ ሱቅ ለመጣው ሁሉ፣ ከዚያ ገበያ መሀል ድምፄን ከፍ አድርጌ። አምፖል የሚገዛኝ ሁሉ አምፖሉን ከወሬው ጋር ይዞ ይሄዳል። አምፖል ደግሞ በዚያ ክረምት እንደ ስኳር ነበር የሚሸጠው፤ አንዱ ሰው በሳምንት ሁለቴ ይመለሳል። እኔ ሞኟ በመከራዬ መሀል አላህ ሪዝቄን፣ የዕለት እንጀራዬን አበዛልኝ ብዬ አልሐምዱሊላህ እላለሁ። ሂርና አንድ ሆቴል ካሚልን ለትልቅ ሥራ ቀጥሮት ነበር፤ ወሬዬ ደረሰና ሰረዙት። ይህን ስሰማ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? እሰይ አልኩ።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ሐሙስ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ቀኑም ጨልሞ ዋለ። ስምንት ሰዓት ላይ ሳጥኑ ጢጥ ጢጥ አለ። ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ባትሪው አለቀ፤ ማሽኑ ዝም አለ። ሲሊንደሯን ከፈትኩ፤ መርፌዋ ቀይ ላይ ነች፤ ባለፈው ቀን የተጠቀምንባትን ልኬ አላስሞላሁም ነበር። ሙሄዲን አየኝ። ትንሽ ቆይታ እሷም አለቀች።

ግድግዳው ሶኬት እዚያው ፊቴ ነው። መብራት አለው፤ ከሱቁ አምፖሉ ይታየኛል። የማሽኑን ገመድ ከሳጥኑ ነቅዬ እጄ ላይ ያዝኩት። ካሚል የነገረኝን አስታወስኩ፤ የመጀመሪያው ማሽን የጨሰውም እዚሁ ግድግዳ ላይ ነው። ይሄ ከተቃጠለ ሌላ የለም። ወደ ሳጥኑ መለስኩትና ዘርፈሽዋልን ጮኼ ጠራኋት። እሷ መጥታ ሙሄዲንን ከጀርባው ደግፋ ስትይዘው እኔ ነጠላዬን ራሴ ላይ ጣል አድርጌ ሮጥኩ።

ዘይኑዲን ወፍጮ ቤት ከእኛ ቤት ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። አጠገቡ የእንጨት ሥራ ቤት አለ፣ ከዚያ የበር ብየዳ፤ ሦስቱም ዝም ብለዋል። ከወፍጮው ጎን ባለችው ክፍል ሰባት ስምንት ወንዶች ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል። ጫቱ ፊታቸው ነው፤ ገና አልጀመሩትም፤ አንዱ እንግዳ ዘግይቶባቸው ኖሯል። እጃቸውን ዘርግተዋል፤ ዘይኑዲን ዓይኑን ጨፍኖ በለሆሳስ ዱዓ ያደርጋል። ሴት ልጅ የወንዶች በርጫ ላይ አትገባም፤ በዱዓ መሀል ደግሞ ማንም አይገባም። እኔ በጭቃ ጫማዬ ምንጣፉ ላይ ወጣሁ።

«አንተ ሌባ፣ ባሌን ገድለህ ነው እዚህ የምትቅመው?» አልኩት ካሚልን።

የዘይኑዲን እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ካሚል ሊመልስልኝ ይችል ነበር፤ ሥራውን እንዳሳጣሁት ያውቃል። እሱ ግን ተነሳ፤ ቦርሳውን አነሳ፤ ጫማውን ሳያጠልቅ በእጁ ይዞ ተከተለኝ። በዚያ ሰዓት ቤቴ ሲገባ የመጀመሪያው ቀን ነው።

ሙሄዲንን ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። ወዲያው ቴስተሩን ሶኬቱ ላይ ሰካ። ቁጥሩን አየ፤ ቴስተሩን በእጁ መታ መታ አደረገው፤ ሌላ ሶኬት ላይ ሰካው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«እትዬ ኩብራ፣ መብራቱ አልጎደለም። በዝቷል።»

መብራት ይበዛል እንዴ? እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ተወልጄ ባደግኩበት ጭሮ መብራት ሄደ፣ መብራት ደከመ፣ መብራት ይምጣ ሲባል እንጂ በዛ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። የምታሾፍብኝ ከሆነ ብዬ ልጀምር ስል ቁጥሩን አሳየኝ፤ ሁለት መቶ ሰማንያ ሰባት ይላል። መሆን ያለበት ሁለት መቶ ሃያ ነው አለኝ። ሳጥኑ ከሁለት መቶ ሰማንያ በላይ ከመጣበት አልቀበልም ብሎ በሩን ይዘጋል። ቀይ የሚያበራው ስለተበላሸ አይደለም፤ ያን ሁሉ ኃይል ቢያሳልፈው የጋሼ ማሽን እንደ መጀመሪያው ይቃጠል ነበር። በፍጥነት ነው የሚያወራው፤ ዓይኑ ሙሄዲን ላይ ነው። በመሀል በዚህ ወር ስንት አምፖል እንደሸጥኩ ጠየቀኝ። ለካ ሪዝቅ ያልኩት የሰፈሩ አምፖል ሁሉ እየተቃጠለ ኖሯል።

ከዚያ ወደ በሩ ዞረ። ጧት ሁለት መቶ ሃያ ስምንት፣ አሁን ሁለት መቶ ሰማንያ ሰባት፤ በመሀል ምን ተለወጠ እያለ ለራሱ ያጉረመርማል። ጆሮውን ወደ ደጅ አዘነበለ። ደጁ ጭጭ ብሏል፤ ወፍጮ የለም፣ መጋዝ የለም፣ ብየዳ የለም። ካሚል ቴስተሩን እንደተሰካ ትቶ በባዶ እግሩ ወጥቶ ሮጠ። እኔ የመሰለኝ ሸሽቶ ነው።

ዘርፈሽዋል ማርያምን ትጠራለች፤ እኔ ከቁርአን ያሲንን ጀምሬ መሀል ላይ ይጠፋብኛል። የሙሄዲን ጥፍር ሰማያዊ ሆኗል። እጁን ያዝኩት፤ ቀዝቃዛ ነው። ቴስተሩ ሶኬቱ ላይ እንደተሰካ ነው፤ ሌላ የማየው ስለሌለ ቁጥሩን አያለሁ። ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት። ሁለት መቶ ሰማንያ ሰባት።

የዘይኑዲን ወፍጮ ሲነሳ መሬቱ ይነቃነቃል፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በበርጫ ሰዓት ግን ሰምተነው አናውቅም። ዘርፈሽዋል ደንግጣ ቀና አለች። ቁጥሩ ሁለት መቶ ስድሳ ዘጠኝ ሆነ። የእንጨት ቤቱ መጋዝ ቀጠለ፤ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት። ብየዳው ተንጣጣ፤ ሁለት መቶ አርባ ሦስት። እዚያ ላይ ረጋ። ሳጥኑን አየዋለሁ፤ ለካ ቁጥሩ መርጋቱን ሳያረጋግጥ አይከፍትም፤ ቀይ ነው፣ ቀይ ነው፣ ከዚያ ቀጭ አለና አረንጓዴ ሆነ። ማሽኑ አንዴ ጮኸ፤ ከዚያ መተንፈስ ጀመረ።

ቱቦውን አስተካከልኩለት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ከንፈሩ ቀላ። ዓይኑን ከፈተና እየጮህሽ ነበር እንዴ አለኝ። አዎ አልኩት። ያው ድሮም ነው አለ። ዘርፈሽዋል እያለቀሰች ሳቀች፤ እኔም እንደዚያው።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ካሚልና ዘይኑዲን ወፍጮውን ለጓደኞቻቸው ትተው ተያይዘው መጡ። ዘይኑዲን ስልሳ ያለፈው፣ ከባድ ሰው ነው፤ ዱቄት ቅንድቡ ድረስ ወጥቶበታል። የሚፈጭ ስላልነበረ የራሱን ቤት ማሽላ ነው ወፍጮው ውስጥ የገለበጠው፤ ባዶውን ቢሽከረከር ኃይሉን በደንብ አይበላውምና። ካሚል ነገሩን አስረዳን። ጧት እነዚህ ሁሉ ማሽኖች ኃይሉን ስለሚሻሙት ልኩ ላይ ይሆናል። ከዙህር በኋላ ከተማው በርጫ ሲቀመጥ የሚበላው ይጠፋና መስመሩ ላይ ያለው ሁሉ ወደ ቤቶቹ ይጎርፋል፤ እኛ ደግሞ ትራንስፎርመሩ ሥር ስለሆንን ይብስብናል። ምሽት ላይ ምጣዱ፣ ሌሊት ደግሞ የዳቦ ቤቶቹ ምድጃ ስለሚበላው ይወርዳል። ባለሙያ ነኝ የሚል ሁሉ በዚያ ሰዓት ጫት ላይ ስለሆነ ከሰዓት የለካ ሰው የለም። ጥፋቱ የእኔ ነው አለ ካሚል፤ ሦስት ጊዜ መጣሁ፣ ሦስቱንም ጧት።

እኔም ዝም ማለት አልቻልኩም። ከሁለት ዓመት በፊት መብራቱ ደከመ፣ ወፍጮው ሲነሳ ቴሌቪዥናችን ይጠፋል ብዬ ቤት ለቤት ዞሬ ፊርማ ያሰባሰብኩት እኔ ነኝ። ኃይሉ ከትራንስፎርመሩ ላይ ከፍ ይደረግልን ብለን አመለከትን፤ ተደረገልን። ኩብራ ያስደረገችው መብራት እየተባለ ስንት ወር ስኮራበት ነበር። ይህን ነገርኳቸው። ዘይኑዲን ሳቅ አለና እኔም ፈርሜያለሁ አለ።

ከዚያ ትዝ አለኝ። ዱዓቸው ላይ ነው የገባሁት። ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ለምን ጉዳይ ዱዓ ላይ እንደነበሩ ጠየቅኩት። ዘይኑዲን መሬት መሬት አየ።

«ለሙሄዲን ነበር» አለ። «ከታመመ ጀምሮ ለእሱ ዱዓ ሳናደርግ አንዲት ቅጠል አፋችን ገብታ አታውቅም።»

ዘይኑዲን የተናገረውን ራሱ መልሶ የሰማው ያኔ ነው። ወደ ካሚል ዞረ፤ ድምፁ ተለወጠ።

«እኛ ማሽኑን ሁሉ አጥፍተን ለእሱ ልንለምን ስንቀመጥ ነው አየሩ የሚቋረጥበት?»

ያ ግዙፍ ሰው ከሙሄዲን አልጋ አጠገብ ተንበርክኮ እጁን ይዞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሙሄዲን በሌላኛው እጁ ከዘይኑዲን ራስ ላይ ዱቄቱን ይጠርግለታል። እኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ቆሜ ቀረሁ። ስንት ወር ሙሉ ለባሌ እጃቸውን የዘረጉ ሰዎች ምንጣፍ ላይ ጭቃዬን ይዤ ወጥቼ ሌባ ብያለሁ።

ካሚልን እዚያው አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ አልኩት። ተዉት እትዬ አለ፤ እኔ ግን አልተውኩትም። ገበያ መሀል ያወራሁትን ገበያ መሀል ሻርኩት፤ ሱቅ የመጣውን ሁሉ የካሚልን ስም አጥፍቼአለሁ፣ ዋሽቼአለሁ አልኩት። ሂርና ደግሞ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄጄ የሆቴሉን ባለቤት ፊት ለፊት ነገርኩት። ሰውየው መጀመሪያ እብድ ናት ብሎኝ ነበር፤ በኋላ ግን ሥራውን መለሰለት። አፍ የሠራውን አፍ ካላፈረሰው በምን ይፈርሳል?

መፍትሔው የትራንስፎርመሩን ኃይል ወደ ልኩ ዝቅ ማድረግ ነበር። ካሚል የየሰዓቱን ቁጥር በወረቀት መዝግቦ፣ እኔም የድሮ ፈራሚዎቼን መልሼ አስፈርሜ አመለከትን፤ ወረፋ አለ፣ ትንሽ ታገሡ ተባልን። በመብራቱና በሳጥኑ መሀል የሚገባ መቆጣጠሪያ ብንፈልግም ጭሮ ገበያ ያለው ሁሉ የደከመ መብራት ከፍ የሚያደርግ ነው፤ የበዛ የሚቀንስ ማን ጠይቆ ያውቃል። ታዲያ እስከዚያ ሙሄዲን ምን ይተንፍስ?

መልሱን ያመጣው ዘይኑዲን ነው፤ ማንም አልለመነውም። የመብራት ሠራተኞቹ እስኪመጡ በበርጫ ሰዓት ወፍጮው አይቆምም አለ። የእንጨት ቤቱና የብየዳው ሰዎችም ተራ ገቡ፤ ግማሾቹ ሲቀመጡ ግማሾቹ ይሠራሉ። ይህ ለሌላ አገር ሰው ምንም ላይመስለው ይችላል። በዚህ አገር ሰው በርጫውን ትቶ የጫቱ ሐራራ እያዛጋው መጋዝ ላይ ቆመ ማለት ለወንድሙም አያደርገው። ወፍጮው ደግሞ እህል ይፈልጋል፤ ያ የእኔ ድርሻ ነበር። ቤት ለቤት ዞሬ ሴቶቹን ማሽላችሁን ጧት ሳይሆን ከሰዓት አስፈጩ አልኳቸው። በዚህ ምላሴ ከግማሾቹ ጋር ተኳርፌ ነው የኖርኩት፤ በር ይዘጉብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አንዷም አልዘጋችብኝም። ዘርፈሽዋል ለጾም ፍቺ ያስቀመጠችውን ስንዴ ሳይቀር አሸክማ ላከች። ገለቶማ፣ ገለቶማ እያልኩ በኦሮምኛ እያመሰገንኩ ስዞር የሰፈሩ ሴቶች ኩብራ ታመመች እንዴ ተባባሉ አሉ።

ሠራተኞቹ የመጡት ባመለከትን በሃያ ሦስተኛው ቀን ነው፤ በግማሽ ሰዓት ዝቅ አድርገውት ሄዱ። እነሱንም አላህ ያክብራቸው። አሁን ቁጥሩ ጧትም ከሰዓትም ሁለት መቶ ሠላሳን አያልፍም። እኔ ግን ከልቤ የማይወጣው ወፍጮው በበርጫ ሰዓት መፍጨት ከጀመረ በኋላ የመጣው የመጀመሪያው ዓርብ ነው።

ወንዶቹ ከጁምዓ ሶላት ተመልሰው ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው። እኔ ደጃፌ ላይ ቆሜ ወፍጮ ቤቱን አያለሁ። የሴቶቹ ጆንያ ተደርድሯል። ወፍጮው ተነሳ፤ መጋዙም ቀጠለ። ዘይኑዲን በሩ ላይ ወጣ፤ ሰዎቹም ከየሥራቸው ወጥተው ከበቡት፤ የብየዳው ሰው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ካሚል ዱቄት ለብሶ። በቁማቸው እጃቸውን ዘረጉ። ዘይኑዲን አፉ ይንቀሳቀሳል፤ ወፍጮው ይጮኻል፤ አንዱ ሌላውን የሚሰማ አይመስለኝም። ረዘም ያለ ዱዓ ነበር። ሲጨርሱ ፊታቸውን ዳብሰው ወደየሥራቸው ተመለሱ።

ለሙሄዲን ልነግረው ወደ ጓዳ ገባሁ። ትራሱን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ቱቦው አፍንጫው ላይ ነው፤ ሳጥኑ አረንጓዴ ነው። ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ አገኘሁት።

«ዱዓ እያደረጉልህ ነበር፤ በወፍጮው ጩኸት ግን ምን እንዳሉ አልሰማሁም» አልኩት።

እጁን ከፊቱ አወረደ። ትንፋሹን ሳይቆጥብ፣ በአንድ ጊዜ፣ «እኔም አልሰማሁም» አለኝ፤ «አሚን ብያለሁ።»